ሁለቱ ፍሉቶች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018

ፍሉቶቹ ዛሬም አልዋሃድ አሉኝ።

የኦርኬስትራችን መሪ ጋሽ መኮንን ዓይናቸው ስለደከመ ኖታው ጎላ ብሎ እንዲታተምላቸው ጠይቀዋል። ለዚያ ገጹ ላይ ቦታ መገኘት ስላለበት፣ የኖታ ፕሮግራሙ ጥንድ ጥንድ መሣሪያዎችን በአንድ መስመር እንዲያጠቃልል አዘዝኩት። ክላርኔቶቹንና ትራምፔቶቹን እሺ ብሎ አዋሃደ። ፍሉቶቹን ግን ለያይቶ አስቀመጣቸው። ኖታው ነገ ጠዋት ካዛንቺስ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት።

ለጋሽ መኮንን ደውዬ ነገርኳቸው።

«ሁለቱ አንድ ዜማ አይደል እንዴ የሚጫወቱት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ሴቲንጉን ሁሉ ነካካሁ፤ አጥፍቼ ከፈትኩት፤ ምንም። በመጨረሻ ሁለቱን መስመሮች ኖታ በኖታ አስተያየሁ። ለካ ከልምምድ ቅጂው እየሰማሁ ስጽፍ፣ ፍሉት ተጫዋቿ ሰላም ዜማው ላይ የምትጨምራቸውን ጌጦች፣ እነዚያን ትንንሽ የማስዋቢያ ኖታዎች፣ አንድም ሳላስቀር አስገብቻቸዋለሁ። እሷ ሁለተኛ ፍሉት ናት፤ ጌጧ ግን በየቦታው ከአንደኛው ከዳዊት ድምፅ በላይ ይወጣል። ፕሮግራሙ ደግሞ ሁለተኛው ከአንደኛው በላይ ሲወጣ አያዋህድም።

ጌጦቹን አጠፋኋቸው። ወዲያው አንድ መስመር ሆነ፤ ገጹም ጸዳ። ከፍቼ ሳዳምጠው ግን ዜማው ደረቀብኝ፤ የእኛ አልመስል አለኝ።

ሰላምን ደውዬ ጌጡን ለምን እንደምትጨምር ጠየቅኳት። ከልቧ ገረማት።

«ምን ጨመርኩ? ዳዊት የሚጫወተውን'ኮ ነው የምጫወተው።»

ያጠፋሁትን ሁሉ መለስኩ። ፍሉቶቹ እንደገና ሁለት ሆኑ። ለጋሽ መኮንን «አዎ» ያልኳቸው ግን ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?