የሐረገ ወይን ትልም

ስማዳ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እምዬ፣ እንደምን ከርመሻል? የዐይንሽ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ እንዴት ነሽ? ጎረቤቴ ወርቅነህ ከእናንተ ዘንድ ከመካነ ኢየሱስ ሲመለስ ብርሃኑ መለስ እንዳለልሽ ቢነግረኝ፣ ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ ዋልኩ። እኅቴ እድላዊትና ልጆቿስ ደኅና ናቸው? እኛ በእመቤታችን ጸሎት ደኅና ነን። ላሚቱ ጊደር ወልዳለች። ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

አንድ ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያ ወጥቶ የሚጮህ ሰው ደግሞ ለእናቱ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ጻፍኩት። እድላዊት ቀስ እያለች ታንብብልሽ።

የላቀውን ሚስት ሐረገ ወይንን ታውቂያታለሽ። ላቀው ባልንጀራዬ ነበር፤ እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፣ ተቀናጅተን ስናርስ ኖርን። እሱ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የአጎቱ ልጅ አበባው በእኩል ሲያርስላት መክረሙን አይተሻል። አበባው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የወንድሙን፣ መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ ደግሞ የሷን ያርሳል። እንዲያ ተረግጦ የታረሰ መሬት ከገብሱ ይልቅ ሙጃው ነው የሚያምርበት። ከዚያችው ከምትገኘውም ግማሹ የአራሹ ነው።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጧት ከደጄ መጣች። አበባው ዘንድሮም ቆዪ ብሏት ኖሯል። በሬህን ላክልኝ አለችኝ። እኔው መጥቼ አርስልሻለሁ አልኳት። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣

«በሬህን እንጂ እጅህን አልጠየቅሁህም» አለችኝ። «ዘንድሮ አንተ ታርስልኛለህ፤ ከርሞስ? ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷም አድጋ የሰው ደጅ ስትጠና ትኑር?»

እምዬ፣ ሴት እርፍ ጨበጠች ሲባል በእኛ አገር ምን እንደሚወራ ታውቂያለሽ። ዝናሙ ይቀራል፣ በሬው ይሰበራል፣ መሬቱ ይመክናል። እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቢሆንም በሬዬን ቦራን ከበረት አውጥቼ ሰጠኋት።

በሬዎቹን ስትጠምድ ረዳኋትና ከድንበሩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ትልም እንደ እባብ ተጠማዘዘ። የላቀው በሬ ጉራች ድምጿን ያውቃል፤ የእኔው ቦራ ግን አስቸገራት። ማረሻው ድንጋይ ሲነክስ እርፉ ጎኗን መታትና ተንበረከከች። ልሮጥ ስል በእጇ ከለከለችኝ። እንዲያው ትንፋሿን ሰብስባ ተነሣች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ጅራፉን አንሥታ በሬዎቹን በየስማቸው ጠራቻቸው። ከወንዝ የሚመለሱ ሴቶች ጀሪካናቸውን አውርደው ቆሙ። አንዳንዷ አማተበች። አንዷ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ በእጇ ከደነችው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ትልሙ መቅናት ጀምሮ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የማስበው አንቺን ነበር። አባቴ ሲሞት እኔ ቁመቴ ለእርፍ የማይደርስ ልጅ ነበርኩ። አጎቴ መሬታችንን ይዞ እንዲሁ መጨረሻ መጨረሻ ላይ ሲያርስልን፣ ከድንበሩ ተቀምጠሽ አረሙን እያየሽ ታለቅሺ ነበር። ክንድሽን አውቀዋለሁ፤ የወፍጮ ድንጋይ ከገደል ሥር ተሸክመሽ ያወጣሽ ሴት ነሽ። ሞፈርና ቀንበሩ ከቤታችን ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁላችንም እያየነው ተራብን። ሴት ታርሳለች ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው። አንቺም አላሰብሽው፤ ማን ያሳስብሻል?

ገብሱን በገዛ እጇ ዘራች። ቡቃያው ሲያምር ያየ ሁሉ እንዳላየ ሆኖ አለፈ። በነሐሴ ግን በረዶ ወረደ። የአበባውን ስንዴና የሽማግሌውን የአያ ፈንታን ባቄላ አረገፈው፣ የእኔንም አልማረም። የሷንም ገብስ ግማሹን አስተኛው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሴት ስላረሰች ነው ማለት ጀመረ። የሷም ገብስ መመታቱን ያሰበ የለም። በውሃ መንገድ ላይ ሴቶቹ ሳይቀሩ ይሸሿት ጀመር። እኔንም በሬ አቀባዩ ብለው ስም አወጡልኝ። እሷ ግን በየቀኑ እየሄደች የወደቀውን ገብስ ታቃና ነበር፤ ስታለቅስ ያያት የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ከዐጸዱ ሥር ለመሪጌታ ገብረ መድኅን አቀረቡት። መሪጌታ ከድጓው ትምህርት ቤት ከቤተ ልሔም ብዙ ዘመን ተምረው የመጡ መሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ የሰፈሩ ሰው ቃላቸውን ያከብራል። ነገሩን የተናገሩት አያ ፈንታ ነበሩ። ንስሐ ትግባ፣ ሁለተኛም እርፍ አትጨብጥ፣ ይገዝቱልን አሉ።

መሪጌታም፣ ድንበር መግፋትን መጽሐፍ ይከለክላል፣ የመበለቲቱን እህል የበላውንም ይወቅሳል፣ ሴት እርፍ አትጨብጥ የሚል ግን በተማርኩት ሁሉ አላገኘሁም አሉ። ከየት አገኛችሁት ብለው ጠየቁ። አያ ፈንታ ከአባቶቻችን አሉ። አባቶቻችንስ ከየት አመጡት አሏቸው።

አያ ፈንታ በዘንጋቸው መሬቱን እየቆረቆሩ ቆዩና፣

«እንግዲህ ሴት ካረሰች፣ እኛን ለምን ትፈልገናለች?» አሉ።

ለቀልድ አላሉትም፤ ከልባቸው ነበር። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ገረመኝ። ይህን ያህል ዘመን በዝናምና በበረዶ ሲመካኝ የኖረው ፍርሃት ይኸው ነበር?

ሐረገ ወይን ከሴቶቹ መካከል ወጥታ የአያ ፈንታን ጉልበት ሳመች።

«አያ፣ ላቀው ሲመጣ እግሩን አጥበው የነበረው ስለሚያርስልኝ አይደለም» አለች። «ስለምወደው ነው።»

እምዬ፣ ሴት ይህን ቃል በአደባባይ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማው። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። መሪጌታ የምገዝተው ነገር የለም ብለው አሳረጉ፣ ሰውም ተበተነ።

በዚህ ወር ገብሱ ደረሰ። ማን ይመጣልኛል ብላ ነው መሰል ደቦ አልጠራችም። እኔና ወርቅነህ ማጭዳችንን ይዘን ማለዳ ብንደርስ፣ አያ ፈንታ ቀድመውን አጎንብሰዋል። ትልሙን በእግራቸው እየዳሰሱ፣ ጠማማ ነው ሲሉ አጉረመረሙ። ጥቂት አጭደው ቀና አሉና፣ ገብሱስ ቀጥ ብሏል አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። በረዶው የተወው ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ግን ለማንም ሳይከፈል ጎተራዋ ገባ። ከወንዝ ማዶ ያለችው መበለት አመተ ሥላሴም ለከርሞ እርፍ አያያዝ አሳዪኝ ብላታለች። ሁሉም ተለወጠ አልልሽም፤ አበባው እስከ ዛሬ አያናግራትም፣ ባሏ እንዳለ ሴት ቤቷን ብትጠብቅ ይሻላት ነበር የሚሉም አሉ።

አምና ስለሷ ያልሽውን አልረሳሁም። ወንዳ ወንድ ናት፣ ለቤት አትሆንም ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ ዝም አልኩሽ። አሁን ግን መጥተሽ ከሷ ጋር አንድ ቀን ዋዪ፤ ከዚያ በኋላ የምትዪውን ተቀምጬ እሰማለሁ።

ሐኪሙ ከፈቀደልሽ ጥር ሳይገባ ነዪ። በቅሎ ተውሼ ከመኪናው መውረጃ እቀበልሻለሁ። ቤቱን በጭድና በጭቃ መርጌ ጨርሻለሁ፣ ጣራውም አይንጠባጠብም። መሪጌታና አያ ፈንታ በእኔ ጉዳይ ለሽምግልና የሚሄዱበት አንድ ደጅ አላቸው። ነገር ግን እናትህ ሳትመጣ አንነሣም ብለውኛል፤ እኔም ያለ አንቺ እንዲነሡ አልሻም።

እድላዊትን ከነልጆቿ ሳሚልኝ። እመቤቴ ዐይንሽን ታብራልኝ፣ ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ የልጅ ልጅ በደጅሽ ሲቦርቅ ለማየት ታብቃሽ። ጉልበትሽን ከዚህ ሆኜ ስሜያለሁ።

ምርቃትሽን የሚጠብቅ፣
ልጅሽ