ወደ ኋላ ትሄድ የነበረችው ቮልስ

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ግቢዬ።

እኔ አስካለማርያም ገብረአምላክ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የኑዛዜ ቃሌን አስጽፋለሁ። የሚጽፉልኝ በፍርድ ቤት በር ማመልከቻ የሚጽፉት ጎረቤቴ አቶ ገሜዳ ናቸው። ለምስክርነት የጠራኋቸው ብረት በቶርኖ የሚቀርጸው ሽኩር፣ የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ዓለም፣ ጎረቤቴ ኢፍቱና ባልንጀራዬ ሃጂራ ናቸው። ወንድሜ አማኑም በሩን ተደግፎ ይሰማል።

የፊታችን ሐሙስ የአንገቴን እንቅርት ለማስወጣት ሐኪም ቤት እገባለሁ። ሐኪሙ አያስፈራም ብሎኛል፤ እኔም አልፈራሁም። የምሰጋው ለቮልስ መኪናዬ ነው። አማኑ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ገዢ አግኝቶላታል። «ወንድም እያለሽ ለባዕድ ብትሰጪ ፍርድ ቤት ሄጄ ኑዛዜውን አስፈርሰዋለሁ» ብሎ በዚህ ሳምንት ነግሮኛል። ስለዚህ እሱ ባለበት፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ቤት። የምኖርበት ክፍል የቀበሌ ነው፤ የሚወረስ ነገር የለውም። አባታችን ሲያርፍ ሽማግሌዎች ሱቁን ለአማኑ፣ ቮልሷንና የመፍቻ ሣጥኑን ለእኔ አካፍለውናል። ቮልሷ ያኔ የዶሮ ቤት ነበረች። አማኑ «ከነእንቁላሉ ደረሰሽ» ብሎ የሳቀው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የመፍቻ ሣጥን። ይህን ለአማኑ ሰጥቻለሁ። አባታችን መኪና ሲፈታ መብራት የሚያስይዘው እሱን ነበር። እኔን «የሴት ልጅ እጅ ግራሶ አይነካም» እያለ ወደ ጓዳ ይመልሰኝ ነበርና በቆርቆሮው ቀዳዳ እያየሁ ተማርኩ። አማኑ ሣጥኑን አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም። ቢሆንም አባታችን ክዳኑ ላይ በቀለም የጻፈው የእሱን ስም ነው።

ቮልሷ። በ1959 ዓ.ም. የተሠራች ናት። ሁለተኛ ማርሽ አልይዝ እያላት ነው የቆመችው። ማርሾቹን የያዘው ካምቢዮ እንዴት እንደሚፈታ ያወቅሁት ባለሱቅ እየቀደደ በርበሬ ከሚጠቀልልበት መጽሐፍ ነው፤ የቀረውን ለምኜ ወሰድኩ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሥዕሉን ከብረቱ ጋር እያስተያየሁ ገባኝ። ስከፍተው የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ አልቆ፣ የነሐስ ቀለበቱም ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ሃጂራ ማዞሪያው አጠገብ አሮጌ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። የተበላሸውን የሚተካ ሁለት ዓመት አብረን ፈለግን። ሶማሌ ተራ የለም፤ ቆሼ ብረት የሚለቅሙት ዘንድም የለም። ባለፈው ሚያዝያ ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለን ሃጂራ በክርኗ ነካችኝ።

«አስኩ፣ እንዳትዞሪ። የድንኳኑ ገመድ የታሰረበትን ብረት ሰረቅ አድርገሽ እዪው።»

አየሁት። የቮልስ ካምቢዮ! የዕድራችን ድንኳን ሃያ ዓመት ያህል በእሱ ተይዞ ቆሟል።

«ሱብሃነላህ፣ ለቅሶ ላይ ነን፤ ፊትሽን አትፍቺው!» አለችኝ።

ነጠላዬን ወደ አፌ ብስብ፣ ሰዎች ሐዘን የሰበረኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ አልተለየንም። «ሟቹ ምናችሁ ነው?» ያሉንም ነበሩ። ድንኳኑ ሲነሣ ካምቢዮውን ልንወስድ ብንል ጋሽ ዓለም «ነፋስ ቢወስድብኝስ!» ብለው ተቆጡ፤ ሲሚንቶ የሞላንበት የዘይት ቆርቆሮ ተክተንላቸው ታረቅን።

ሽኩር የላላውን ቡሽ፣ ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት፣ በቶርኖው እንደ አዲስ ቀረጸልኝ። ካምቢዮውን ገጣጠምኩና ሰፈሩ ለማየት ወጣ። አንደኛ አስገባሁ፤ ቮልሷ ወደ ኋላ ሄደች። ሁለተኛ አስገባሁ፤ ባሰባት። ሦስተኛና አራተኛም ያው ናቸው። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ወደ ፊት ሄደች። አማኑ ከሱቁ በር «ወደ ተሠራችበት ፋብሪካ እየተመለሰች ነው!» ብሎ ጮኸ። ሃጂራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ወንበሩን አዙሪውና ንጂ!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሰው ሁሉ ስቆ ወደ ቤቱ ገባ። እጅጌዋን ሰብስባ «በይ ነይ፣ እንፍታው» ያለችኝ ሃጂራ ብቻ ናት። ትልቁን ጥርሳም ቀለበት ገልብጬ ገጥሜው ኖሯል፤ በየትኛው ጎን እንደሚቆም የሚያሳየው ገጽ ከበርበሬው ጋር ተሸጧል። ዛሬ ቮልሷ ሳንሱሲ ድረስ በአራቱም ማርሽ ወደ ፊት ትሄዳለች።

ስለዚህ ቮልሷን ለባልንጀራዬ ለወይዘሮ ሃጂራ ሰማን ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ አቶ ገሜዳ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ወይዘሮ አስካለማርያም፣ የሚወርስ ሰው ምስክር ሆኖ መፈረም የለበትም፤ የተሰጠው ሊፈርስበት ይችላል።»

አላወቅሁም ነበር። ሃጂራ ከወንበሯ ተነሣች።

«ለፊርማ አልነበር የጠራሽኝ? አስኩ፣ እኔ እኮ መንዳት አልችልም!»

«ትማሪያለሽ።»

«ማን ሊያስተምረኝ? እንግዲያው እንዳትሞቺብኝ!»

ይህም ይጻፍ አልኩ። ለሃጂራ የምመክራት እንዲህ ነው። ካምቢዮ ከመክፈትሽ በፊት ዘይቱን አውርጂ። የምታወጪው ብረት ሁሉ በየትኛው ጎን እንደነበረ እንድታውቂ ክር እሠሪበት። ሸራ አልብሰሽ አታቁሚያት፤ ንጂያት።

አቶ ገሜዳ የቀሩትን ቆጠሩ። «ሦስት ናቸው። አራተኛ ምስክር ከሌለ ይህ ወረቀት አይጸናም።»

ከዚያ አማኑ ከበሩ ተነሥቶ መጣ።

«እኔ ልፈርም።»

«አቶ አማኑ፣ ከፈረሙ ሣጥኑን ያጣሉ። ነገ ልክሰስ ቢሉም ፊርማዎ ራሱ ይመሰክርብዎታል።»

«ገብቶኛል። ስንት ወር ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ እነዚህን ሁለት ሴቶች ስሰማ ኖሬያለሁ። ብረት ታቅፎ እንዲህ የሚስቅ ሰው አላየሁም። ያ ገዢ ቢወስዳት ቆልፎ ያቆማታል። ሣጥኑንም ለሃጂራ ይጻፉላት፤ አሮጌ ቮልስ ያለ መፍቻ ምን ትሆንላታለች? ብዕሩን ይስጡኝ፣ ሳልጸጸት።»

«አንተ፣ እኔንም ገበያ ልታሳጣኝ ነው? ሣጥኑን ከአንተ ገዝቼ ልነግድበት አስቤ ነበር!» አለችው ሃጂራ።

አቶ ገሜዳ ምን ልጻፍ ብለው አዩኝ። እንቅርቱ ጉሮሮዋን ይዟት መናገር አቃታት ብለው ይጻፉ አልኳቸው።

የመፍቻ ሣጥኑም በአማኑ ፈቃድ ለሃጂራ ሆኗል። ከሐኪም ቤት በሰላም ከተመለስኩ ወረቀቱ አቶ ገሜዳ ዘንድ ይቆያል፤ ቮልሷን እኔው እነዳለሁ፣ ሃጂራም አጠገቤ ተቀምጣ ትማራለች። ይህ ሁሉ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነብቦ፣ የእኔው ቃል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ አስካለማርያም ገብረአምላክ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ገሜዳ ቶላ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ሽኩር ከድር (ፊርማ)
ዓለም ማኑሄ (ፊርማ)
ኢፍቱ ሁንዴ (የጣት አሻራ)
አማኑ ገብረአምላክ፣ የተናዛዧ ወንድም፣ ድርሻውን በፈቃዱ ትቶ (ፊርማ)