መብራት ሲያጠፉ የኖሩት የጋሽ አጥፋው የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አጥፋው» የሚላቸው ውድ ወንድማችን፣ አባታችንና አጎታችን፣ ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ የአባታቸው ዓይን ሲደክም ሥራ ፍለጋ ወጡ። በ1965 ዓ.ም. በአንድ የሕክምና ምርምር ተቋም በጽዳት ተቀጥረው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ምድር ቤት ወዳለው የአይጦች ክፍል ተዛወሩ። በዚያም ለሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መብራት አብርተዋል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አጥፍተዋል። ቤታቸውም ገብተው ባዶ ክፍል በርቶ ካዩ «አጥፋው!» ማለት ስለማይተዉ ቅጽል ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ።

በ1972 ዓ.ም. ከስልክ ኦፕሬተሯ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ትንሿ ልጃቸው የአባቷን ሥራ ተጠይቃ «አይጥ ያስተኛል» በማለቷ አስተማሪዋ አስጠሯቸው። እሳቸውም «ተሳስታለች፤ አይጥ ሲጨልም ነው የሚነቃው» ብለው አስተማሪዋን ይብስ ግራ አጋቧቸው።

በዚያ ክፍል አንዲት ተመራማሪ ዶክተር፣ ሰውነት በጨለማ የሚያመነጨው ሜላቶኒን የተባለ የእንቅልፍ ሆርሞን የካንሰርን መዛመት ያዘገይ እንደሆነ ያጠኑ ነበር። ሌሊት ብርሃን ካለ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ፣ ጋሽ አጥፋው በበሩ ሥር ሳይቀር ጥቁር ጨርቅ ይወትፉ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ግን አንድ ቀን ልጃቸው ታሞባቸው ሲጣደፉ ሳያጠፉ ወጡ። ጠዋት ሲመጡ ክፍሉ ቦግ ብሎ ጠበቃቸው። ያየ ሰው አልነበረም፤ የማብሪያው ሰዓትም ደርሶ ነበር። ጥቂት ቆመው ካሰቡ በኋላ ዶክተሯ ዘንድ ሄደው «መብራቱ በርቶ አድሯል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። የስምንት ወር ሥራ ከዜሮ ተጀመረ። ሥራዬን ልልቀቅ ሲሉ ዶክተሯ «ሌላው ሰው ቢረሳ መች ይነግረኛል?» ብለው ከለከሏቸው።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2013 ዓ.ም. የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸው፤ በዓመቱም ወደ አጥንታቸው ተዛመተ። ዶክተሯ ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ ጋሽ አጥፋው በሆዳቸው የያዙትን ጥያቄ አወጡት፤ «ያ ስምንት ወር ባይባክን ኖሮ መልሱ ይደርስልኝ ነበር?»

ዶክተሯ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። «በአይጦቹ ላይ ያዘገየ መስሎ ታይቶናል። በሰው ላይ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም። ስለ ስምንቱ ወር... አላውቅም፤ እርስዎን አልዋሽም።»

«ታዲያ የሜላቶኒኑን ኪኒን ልዋጠው?»

«ሐኪምዎን ይጠይቁ።»

«ጠየቅኳቸው እኮ! እርስዎን ጠይቅ አሉኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። በኋላ ሐኪማቸው ስለፈቀዱ ከሕክምናው ጎን ለጎን ወሰዱት። እንቅልፋቸው ተሻሻለ፤ ሕመሙን ይርዳ አይርዳ ግን ያወቀ የለም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባለቤታቸው ለሕመምተኛው እንቅልፍ ሲሉ እንደ ልማዳቸው የመኝታ ክፍሉን መብራት ሊያጠፉ ተነሡ። ጋሽ አጥፋው ግን «ተይው ይብራ፤ ልያችሁ» አሉ።

«አንተ? አንተ ነህ ይብራ የምትለው?»

ፈገግ አሉ። አርብ ጎህ ሲቀድ በ69 ዓመታቸው አረፉ። «ይብራ» ያሉት በሆርሞኑ ተስፋ ቆርጠው ይሁን፣ ያችን የረሷትን ማታ ለራሳቸው ይቅር ብለው ይሁን፣ ቤተሰቡ እስከ አሁን አልተስማማም። ያረፉበትን ክፍል ማጥፊያ ግን የነካው የለም።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይጠፋው ብርሃኑ ይቀበልልን፤ ለእኛም ላልገባን ነገር ትዕግሥቱን ይስጠን።