ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ያየሁት

ውድ አባባ፣

የአርባ ቀን ተዝካርዎ ትናንት ወጣ። አክስቴ ሙሉነሽ ካህናቱን ሸኝታ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ "እፎይ፣ አባቴ በሰላም ሄዱ" አለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በሰላም የሄዱት እኔ የልጅ ልጅዎ ስለዋሸሁዎት ነው።

ግትርነቴን ያውቁታል። ለኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ ያን የጣሊያን ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ አንድ ምስማር ሳይጎድል እሠራለሁ ብዬ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓዳ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወጣሁም። ከሙዚየም የተገኘ ንድፍና የደበዘዙ ፎቶግራፎች ይዤ የብረት ዘንጎቹን ውፍረት፣ በላያቸው የተወጠረውን ሸራ ሳይቀር ለካሁ። "ሰው ሚስት ይፈልጋል፣ አንተ ብሎን ትቆጥራለህ" እያሉ እርስዎ ይስቁብኝ ነበር። የቀረኝ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀረጻ አላገኘሁም። እርስዎ በልጅነትዎ ጣና ዳር፣ ደልጊ አጠገብ እንደሰሙት ስለማውቅ የሠራሁትን ላሰማዎት ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አጠለቅኩልዎ። ዕድሜ ልኩን ዜማ ያስተማረ፣ ከሠላሳ ደቀ መዝሙር መሐል የሳተውን በድምፅ የሚለይ መሪጌታ ቤቴ ተቀምጦ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

"ሐሰት ነው" አሉኝ ወዲያው። "ሦስቱ እኩል አይነሡም። የመኻሉ ይመራል፣ የግራው ወደ ኋላ ይጎትታል። ያ መጎተቱ ነው ጉልበት የሚያብረከርከው።"

ሦስት ቀን አስተካከልኩ። በአራተኛው ቀን ሲሰሙት ማዳመጫውን ነቅለው ወረወሩት። ከወንበሩ ወድቀው ወለሉ ላይ በደረትዎ ተለጥፈው "ውጡ! ከቅጥሩ ውጡ!" እያሉ ጮኹ። ግንባርዎ ተፈንክቶ ደሙ ዓይንዎን ሸፈነው። ሙሉነሽ ከማድ ቤት እየሮጠች መጥታ "አባቴን ገደልኻቸው!" ብላ በጥፊ አጮለችኝ። እኔ በልቤ ያልኩት ምን እንደሆነ ልንገርዎ? "አገኘሁት" ነው ያልኩት። ደምዎ እየፈሰሰ እኔ በድምፁ ልክ መሆን ደስ ብሎኝ ነበር።

ቁስልዎ ታስሮ ሲረጋጉ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ።

"ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጬ ፊደል እቆጥራለሁ። ምንነቱን አላወቅሁም፣ ብቻ ፈራሁ። ሮጬ ሄጄ የድንጋዩን ደወል መታሁት። ያለ ሰዓቱ ደወል ከተመታ ወይ እሳት ነው ወይ ሽፍታ ነው፤ ሰው የያዘውን ጥሎ ወደ ቅጥሩ ይሮጣል። መጡ። ቅጥሩን ሞሉት። ከዚያ ቦምቡ ወረደባቸው። የቄሱ ራስ የለም፣ እጃቸው መስቀሉን እንደጨበጠ ነው። የጎረቤታችን አንጀት ከወይራው ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። እናቴን የብርጓልን በቀሚሷ ጥለት ለየኋት፤ ፊት አልነበራትም። ሃያ ሦስት ሰው፣ ብሥራት። እኔ ነኝ ጠርቼ ያስፈጀኋቸው።"

ከዚያ እጄን አጥብቀው ያዙ። "ይኸ የሠራኸው ልክ ከሆነ ከላይ ሆነህ እይልኝ። የተሰበሰበ ሰው ከዚያ ይታያል? በየቤታቸው ቢሆኑስ ይመቷቸው ነበር? ሳልሞት ንገረኝ።"

የደልጊን ዳርቻ፣ ቅጥሩን፣ ዛፎቹን፣ ጎጆዎቹን እርስዎ በነገሩኝ መሠረት ሠራሁ። መጀመሪያ ሰዎቹን በየማሳውና በየደጁ በትኜ በረርኩ። በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ባለችው የማነጣጠሪያ መስኮት አጎንብሼ ብመለከት ከዛፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ አልፌ ሄድኩ። ቀጥዬ ነጠላ ያጣፉ ሃያ ሦስት ሰዎች ቅጥሩ ውስጥ ሰበሰብኩ። ጣናን አቋርጬ ስመጣ ገና ከሩቅ እንደ ተሰጣ ጥጥ ነጭ ሆነው ታዩኝ።

እርስዎ እይልኝ ብቻ ነበር ያሉኝ። እኔ ቦምቡን ጣልኩት። ነጩ ከማነጣጠሪያው መስመር ሲገባ እጄ አላመነታም። ከቦምቦቹ አንዱም አልሳተም። አፈሩና ጭሱ ሲነሣ "ይሄ ነው!" ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ጭሱ ሲገለጥ የቀሩት ቅጥሩ ሥር እየተሯሯጡ ነበር፤ ዞሬ ተመልሼ እነሱንም በመትረየስ ጨረስኳቸው። ከመሐላቸው አንዷ የብርጓል ነበረች፤ ቅድመ አያቴ።

ከዚያ ታጥቤ አልጋዎ አጠገብ መጣሁና "ምንም አይታይም አባባ። ደወሉ ባይመታም ቤተ ክርስቲያኑን ነበር የሚፈልጉት" አልኩዎት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሁሉ ነገር በልኩ ነው የተሠራው።"

ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። "ተመስገን" ሲሉ ሰማሁ። በሳምንቱ አረፉ።

ሐሰት ነበር። ይታያሉ፤ በደንብ ይታያሉ። የተሰበሰቡት ደግሞ ደወሉን ሰምተው ነው።

ግን ያኔ ልነግርዎ የሚገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ያ ጣሊያናዊ ሰውዬ መስኮቷ ላይ አጎንብሶ ነጠላውን አየ፣ ሰው መሆናቸውን አወቀ፣ ጣለው። እጁን የገፋው ደወል አልነበረም። ይህን የማውቀው የእኔንም እጅ ማንም ስላልገፋው ነው። እርስዎ የፈራ ሕፃን ነበሩ፤ ሰው የሚድን መስሎዎት ደወሉን መቱ እንጂ አልገደሉም። ይህን ብነግርዎ ኖሮ ያለ ውሸት ያርፉ ነበር። ለመንገር ግን መጀመሪያ እኔም መጣሌን፣ ደስም ብሎኝ እንደነበር ማመን ነበረብኝ። እዚያ ላይ አፈርኩ። ራሴን ለማዳን ብዬ ሰማንያ ስምንት ዓመት የጠበቁትን እውነት ነሣሁዎት።

ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።

ብሥራት
ባሕር ዳር