የሬዲዮ ጠጋኙ ኤርጎ ሁለት ጭሶች

ጂንካ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እኔ ኤርጎ ዶላሞ፣ የጂንካ ነዋሪ፣ ሥራዬ ሬዲዮና ቴፕ ጥገና፣ ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት፣ ትንፋሼ አጥሮ አልጋ ብይዝም አእምሮዬ ሙሉ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ አራት ምስክሮች እየሰሙ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የሚጽፈው አቶ ሙሴ ነው፤ ስስል ይጠብቀኛል።

መኖሪያ ቤቱና የጓሮው እንሰት የባለቤቴ የወይዘሮ አስካል ነው። ሠላሳ ዓመት መጋረጃዋን በጭስ አጠቆርሁባት፤ እርሷ አጠበች። ከዚህ ቤት ማንም አያስነሣት።

ሲጋራ የጀመርሁት በ1984 ዓ.ም. ነው። በቱርሚ መንገድ የጭነት መኪና ተበላሽቶብን ሦስት ቀን ስንቆም ወንድሜ ሶርሳ ሰጠኝ። እርሱም እስከ ዛሬ ያጨሳል። በ2012 ዓ.ም. ልጄ ሊድያ ከአዲስ አበባ ቬፕ የሚሉትን በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ ገዝታ አመጣችልኝና «አባዬ፣ ሲጋራውን በዚህ ተካው» አለችኝ። አልተካሁትም። በቤትና በሱቅ ቬፑን፣ በደጅ ሲጋራውን ሳብሁ። ሲጋራው በቀን ከሃያ ወደ አሥራ ሁለት ስለ ወረደ መርዙም በዚያው ልክ የቀነሰ መሰለኝ። በሶርሳም «አንተ ገና በድሮው ነህ» እያልሁ ሳቅሁበት። ለዚህ ሳቄ ይቅር ይበለኝ፤ ትልቁ ሬዲዮዬ የእርሱ ነው።

እኔ የተዘጋ ነገር ሳልከፍት አላልፍም። ቬፑንም ፈታሁት። በውስጡ የሽቦ ጥቅልና ያረረ ጥጥ አገኘሁ። «ይህ ደረቴ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። በ2014 ሐና የተባለች ተመራማሪ የአጫሾችን ሽንት ለምርመራ ልትሰበስብ መጣች። ሶርሳን ጎትቼ ሄድሁ፤ ሁለታችንም ሰጠን። ውጤቱ ሲመጣ ኒኮቲኑ የእኔ በለጠ፤ ካንሰር ያመጣል የሚባለው የትምባሆ መርዝም ከእርሱ አላነሰም።

«ሲጋራ ቀንሼ የለም ወይ?» አልኋት።

«ቀነሱ እንጂ አልተዉም። የቀረችውን አጥብቀው ይስባሉ፤ ቬፑም የራሱን ይጨምራል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሊድያ «አባዬን የጎዳሁት እኔ ነኝ» እያለች ታለቅሳለች። በምስክር ፊት እናገራለሁ፦ ጥፋት የለባትም። እርሷ ያመጣችው አንዱን እንድተውበት ነበር፤ ሁለቱን ያጋባሁ እኔ ነኝ። ከእናቴ የወረስሁት የቡና ማሳ የሊድያ ይሁን።

ሱቁን ከነመሣሪያው ለልጄ ለልዑል ብዬ ሳስጽፍ፣ በር ላይ ቆሞ የነበረው ልዑል፣ «አባዬ፣ ሳይጻፍ ስማኝ። እኔም ሁለቱንም እጠቀማለሁ» አለ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አቶ ሙሴ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ።

«ይህም ይጻፍ» አልሁት። ልጄንም ጠየቅሁት፤ «በቀን ስንት ነው?»

«ሲጋራው አምስት። ቬፑን ቆጥሬ አላውቅም።»

«ጠዋት ጠዋት ያስልሃል?»

«አዎ።»

ልቆጣው ዳድቶኝ ነበር፤ ቁጣ ግን እኔንም ማጨስ አላስተወኝም። ሱቁ ያለ ምንም ግዴታ የእርሱ ነው። ነገር ግን ሐና ዘንድ ሄዶ ይመርመር ብዬ እለምነዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ በሕይወት ካለሁ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ያንብብልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህ ሁሉ ምስክሮች ባሉበት ተነብቦልኝ የእኔ ቃል ስለሆነ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ኤርጎ ዶላሞ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሙሴ፣ ፋሲል፣ ሽመልስ፣ መሰረት (ፊርማዎች)

ከተነበበ በኋላ ልዑል «ሰኞ እሄዳለሁ፤ አንተ ብቻ ጠብቀኝ» ስላለ፣ በተናዛዡ ትእዛዝ ተጨምሯል።