የአባባ ላንድሮቨር ፊልም ስትሠራ

ይድረስ ባለህበት ላለኸው ለአንድ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርዱ እዚያም እንደኛው ነው ይላሉ፤ ደርበህ ልበስ። እኛ ድምፅህ ከመጥፋቱ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ይቆረጥማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። የሲናና ገብስ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ስልክህ ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ዝግ ነው። ለነገሩ እኔ በስልክ ቃል ያጥረኛል። ፊደል የለቀምኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣና አንተ ከጣልከው የደብተር ቅዳጅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የሚናገርልኝ እጄ ነው።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ድሮ ልጽፍልህ ስቀመጥ፣ እኔንም ሰላም በይልኝ የማይል ጎረቤት አልነበረም። በዚህ ሰሞን ማንም አላለኝም።

የአባባን ላንድሮቨር ለፊልም ሠሪዎች አዋስኳት። በእውቀቱ የሚባል አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የድሮ መኪና ሲፈልግ ጎባ ሁሉ ወደ እኛ ጠቆመው። ጎረቤታችን ጠጄ፣ እኛ አርጅተን ቀረን፣ መኪናችሁ በእርጅናዋ አርቲስት ሆነች ብላ ስታስቀን ሰነበተች። አባባ ሞተሯን ያዞርበት የነበረውን ብረት ካላስገቡ እንደማትነሳ ለሾፌራቸው አሳየሁት። ታሪኩ በድሮ ጊዜ ከደሎ መና ወደ ደጋ መርዶ ይዘው ስለሚወጡ ሽማግሌዎች ነው። የአባባም መርዶ የመጣው በእሷው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ግን ፊልም ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የመጨረሻውን ቀርጸው፣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ መኪናዋን ሊመልሱ መጡ። እማዬ በር ላይ ተቀምጣለች። የሞተሯን ድምፅ ገና ከታች ስትሰማው ቀና አለች። ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በብርድ አንገታቸውን ደፍተው ከመኪናችን ወረዱ። እማዬ ብድግ ብላ፣ ያ ኢልማ ኮ! ልጄን! ብላ ደረቷን መታች። አንዱ ተዋናይ እግሯ ላይ ወድቆ፣ እማማ የውሸት ነው፣ ፊልም ነው ቢላት፣ የባሌም ጊዜ ትንሽ ታሟል ብላችሁኝ ነበር አለችው።

ጎረቤት ደረሰ። ጠጄ ፊት ነበረች፤ እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን አስራ። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ከሰው ሁሉ አንድም የጠየቀ የለም። ሽማግሌው ኦቦ ነገሪ ምርኩዛቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡና ተዋናዮቹ ላይ ጮኹ። እናንተን ማን አዘዛችሁ? ለእሑድ ተባብለን አልነበረም ወይ? አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑና፣ ልጄ፣ መኪናዋ በደህና ተመለሰችልሽ? አሉኝ። በደህና ተመልሳለች አልኳቸው።

በእውቀቱ በካሜራው የቀረጸውን ለእማዬ ባያሳያት ኖሮ አትጽናናም ነበር። ተዋናዮቹ ሲያለቅሱ አየችና እንባዋን ጠርጋ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚለቀሰው? እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ! አለች። ሰው ሳቀ፤ ጠጄ ግን ወደ ጓሮ ሄደች። እማዬ አሁን እህል ቀምሳለች። ዛሬም ስልኩን ጉያዋ አድርጋ ነው የዋለችው፤ አንድ ቀን በዚህ ይጠራል ትላለች።

ትናንት ባለሱቁ ኢዘዲን ጋ ሄጄ ነበር። ደብዳቤዎቼን አንተ ባለህበት አገር ለሚኖረው ወንድሙ በሰው እየላከ የሚያደርስልህ እሱ አይደል? ሁልጊዜ፣ ይህ ደብዳቤ ነው መጽሐፍ? እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ትናንት ግን አላሾፈም። እቴ፣ ወላሂ አሁን የሚሄድ ሰው የለም አለኝና ሚዛኑን ይጠርግ ጀመር። ሚዛኑ ንጹሕ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ነገሪ መጡና፣ ነገ በጠዋት አክስታችሁን ከአጋርፋ እንድናመጣባት መኪናዋን አውሺን አሉኝ። አክስታችን ለምን እንደምትመጣ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ለማላውቀው ሰው የሰጠኋትን መኪና፣ አባባን ለቀበሩት ሽማግሌ ከለከልኩ። ተበላሽታለች አልኳቸው። ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እሳቸውም እግዜር ያበርታሽ ብለው ሄዱ።

የሞተሩን ብረት አልጋዬ ስር ደብቄዋለሁ። አውቃለሁ፣ የኦቦ ነገሪ ቤት ቅርብ ነው፤ አክስታችንም በአውቶቡስ ትመጣለች፤ በእግርም ቢሆን ይመጣሉ። ግን በአባባ መኪና አይመጡም። ያንን ድምፅ እማዬ ዳግመኛ አትሰማውም።

ይህን ደብዳቤ የሚወስድልኝ ሰው እስኪገኝ መኪናዋ ውስጥ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ማር የተቀባ እጅህን የምትጠርግበት ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ።

የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ይጋርድህ። የሰው አገር አፈር አይክበድህ። እኔ የማላውቀው ነገር ካለ፣ እስከ ነገ ጠዋት አላውቀውም።

አሳድጋ ያልጠገበችህ፣
እህትህ