አንድ ራስ፣ ሁለት ፎቶ፦ የአቶ ሐድጉ አጽብሐ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ሐድጉ ከአባታቸው ከአቶ አጽብሐ ተስፋይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይኒ ካሕሳይ በ1925 ዓ.ም. አዲግራት ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ከተማችን መጥተው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አደጉ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩና ፒያሳ ፎቶ ቤት ገቡ፤ ፊልም አጣቢ ሆኑ፣ አንሺ ሆኑ፣ በኋላም ባለቤት። በ1952 ወይዘሮ አክበረትን አግብተው ንግስቲንና አብርሃን ወለዱ። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ሰው የመሰለ ፊት ካለ የሳቸው እጅ አለበት፤ ሌላው ሁሉ የሚፈለግ ሌባ ነው የሚመስለው።

በ1979 ቀኝ ዓይናቸው ደበዘዘ። ዓይን ከሄደ ፎቶ ቤቱም መሄዱ ነው። የሐኪሞች ቦርድ ፈቅዶላቸው በርሊን ሄዱ። እዚያ የሚማረው ካላዩ የሚባለው የእህታቸው ልጅ እያስተረጎመላቸው ትልቅ ማግኔት ውስጥ አስገቧቸው። ብርሃን የለው፣ ጨረር የለው፤ ሲንኳኳ ቆይቶ የራሳቸው ውስጥ ፎቶ ሆኖ ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን ፊልም ያጠቡ ሰው ናቸውና ማንንም አልጠየቁም።

«አንተ ካላዩ፣ ንጹህ ነው። ኮቴን አምጣ» ብለው ለበሱት።

ሐኪሟ ግን «ገና አንዱን ፎቶ ብቻ ነው ያዩት» አለቻቸው። ሰውነታችን ውሃና ቅባት ነው። ማግኔቱ ያሰልፋቸዋል፣ የሬዲዮ ሞገድ ሰልፉን ይበትነዋል። ጋሽ ሐድጉ ሲያወሩት ልክ የቀበሌ ሰልፍ ነው፤ ተመለሱ ሲባል አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ እየተጎተተ ይመጣል። ቅባት ቶሎ ይመለሳል፣ ውሃ ይዘገያል። ቶሎ ካነሱት ቅባቱ ይነጣል፣ ውሃው ይጠቁራል። ቆይተው ካነሱት ግን ውሃው ቦግ ይላል።

በሁለተኛው ፎቶ ከዓይናቸው ጀርባ፣ ቅድም ምንም ያልታየበት ቦታ ላይ፣ ውሃ ያዘለ ዕጢ ነጥቶ ቁጭ ብሏል። ሳይቀዷቸው፣ ሳይነኳቸው። ጋሽ ሐድጉ አፋቸውን ያዙ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ፊት ሳነሳ፣ የሰው ውስጥ መጠበቅ እንደሚፈልግ አላወቅሁም» ብለው ኮታቸውን መልሰው አወለቁ። ዕጢው ወጣ፤ ዓይናቸው ተረፈ።

ሲመለሱ ሁለቱንም ፎቶ ፎቶ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ካነሷቸው ሙሽሮች ጎን ሰቀሉ። ወይዘሮ አክበረት «የጤነኛውን ብቻ ስቀል፣ ደንበኛ ታስበረግጋለህ» ቢሏቸው «ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ያኛው ጤነኛ የመሰለው ስላልጠበቀ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሮጦ የመጣ ደንበኛ «ቁጭ በል፣ ፊትህ ገና አልደረሰም» ይባል ነበር።

ዘንድሮ ሕመሙ ተመልሶባቸው መጋቢት 19 ቀን 1983 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና መላው ዶሮ ማነቂያ ቀርተዋል። ከሬሳ ሣጥኑ ፊት ያለውን ፎቷቸውን ያጠበው ልጃቸው አብርሃ ነው፤ የመጀመሪያው ቸኩሎ ቢያወጣው ደብዝዞበት ጥሎት፣ እሳቸው እንዳስተማሩት ጠብቆ ነው የደገመው።

እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን ሳይቸኩል ቆይቶ ይይልን። ቆይቶ ላያቸው ሰው ቦግ ያሉ ነበሩ።